የጌም ቴሌቪዥን በ300 ዶላር

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ የላስ ቬጋስ ታክሲ ነጂ ሥራ ይበዛበታል። ሲኢኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት በከተማዋ ስለሚከፈት ከኮርያ፣ ከጃፓንና ከቻይና የመጣው እንግዳ ሁሉ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ትርዒቱ ሲመላለስ ይሰነብታል። ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን፣ እንደ ሰሌን የሚጠቀለል ቴሌቪዥን፣ እንደ መስኮት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ሁሉ እዚያ ታይቷል። የመጀመሪያው ኤክስቦክስም ለሕዝብ የታየው በጃንዋሪ 2001 በዚሁ ትርዒት ላይ፣ በቢል ጌትስ እጅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ትርዒቱ ግን ለነጋዴና ለባለሙያ እንጂ ለተራው ሕዝብ ክፍት አይደለም። እንግዳውን በር ላይ አድርሶ የሚመለሰው ነጂ ከዚያ ሁሉ ቴሌቪዥን የሚደርሰው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ እርሱም የዋጋ ቅናሽ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጃንዋሪ የታየው አዲስ ሞዴል ሱቅ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በማርችና በሜይ መካከል ነው። አዲሱ ሲገባ ያለፈው ዓመት ሞዴል መደርደሪያውን መልቀቅ ስላለበት ዋጋው ይወርዳል። ዕቃው አልተበላሸም፣ አላረጀም፤ የአምና ስለሆነ ብቻ ይረክሳል። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው የፊሊፕስ 42 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን 14,999 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ዛሬ በምስል ነጥብ ብዛት ከእርሱ 20 እጥፍ የሚበልጥ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ከ250 ዶላር በታች ይገኛል። ስለዚህ ርካሽ ቴሌቪዥን የት አለ ብሎ መጨነቅ ቀርቷል፤ ርካሹ ሞልቷል። የሚያስቸግረው ከርካሾቹ መካከል ጌም የሚችለውን መለየት ነው።

በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሌሎቹ ተራሮች ተነጥሎ ብቻውን በመቆሙ ሎን ማውንቴን ከተባለው ተራራ አጠገብ የሚኖር አንድ አባት ይታሰብ። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። ሚስቱ ሆቴል ትሠራለች። የ14 ዓመት ልጃቸው የአጎቱ ልጅ የተወለትን ፕሌይስቴሽን 5 አግኝቷል። ቴሌቪዥን ግን ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሳሎን ነው። ልጁ ሲጫወት አባት እንቅልፍ የለውም፤ ዝም በል ሲባል ልጁ ጓደኛው ቤት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ካልሆነ አይመለስም። እናት የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ከዓይኗ እንዳይርቅ። አባት ከወሩ ወጪ የተረፈው 300 ዶላር ነው። ከዚያ ካለፈ የሚነካው አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በላስ ቬጋስ ጥቂት አይደለም፤ በዴንቨርም በሲያትልም እንደዚሁ።

ይህ አባት ሱቅ ሲገባ «ስንት ኢንች ነው?» ይላል፤ ቀጥሎ «ስንት ዶላር ነው?» ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ከሌላ ጥያቄ በኋላ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሻጩ ሳይሆን ልጁ ነው፦ ማሽንህ ምንድን ነው? የምትጫወተውስ ምን ምን ነው?

ማሽኑ ያልሰጠውን ቴሌቪዥኑ ከየትም አያመጣውም። ኸርዝ የሚባለው ቁጥር ቴሌቪዥኑ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚናገር ነው፤ የተለመደው 60 ሲሆን የተሻለው 120 ነው። በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ከ60 አያልፍም፤ ፕሌይስቴሽን 4ም እንዲሁ። እነዚህን ለያዘ ልጅ 120 ኸርዝ ብሎ ተጨማሪ 200 ዶላር ማውጣት ለአህያ የፈረስ ኮርቻ መግዛት ነው። በኖቬምበር 2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እስከ 120 መስጠት ይችላሉ። በጁን 2025 የወጣው ስዊች 2ም የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ 120 ይሰጣል። ይችላሉ ማለት ግን ሁልጊዜ ይሰጣሉ ማለት አይደለም። አብዛኛው ጌም የሚሄደው በ30 ወይም በ60 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ልጆች በሒሳብ የሚጫወቱት፣ እዚህም የሐበሻ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የእግር ኳስ ጌም፣ ድሮ ፊፋ ይባል የነበረውና ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው፣ በ60 ነው የሚሄደው። 120ን የሚጠቀሙበት እንደ ፎርትናይትና ኮል ኦፍ ዱቲ ያሉት የተኩስ ጌሞች ናቸው። ስለዚህ ኳስ ተጫዋቹ ልጅ 60 ይበቃዋል። ተኳሹም ቢሆን በ60 ይጫወታል፤ ዓለም አይገለበጥበትም።

እዚህ ላይ የሳጥኑ ጽሑፍ ያሳስታል። «ሞሽን ሬት 120»፣ «ኢፌክቲቭ 120» እና ይህን የመሰሉ ቃላት በትልልቁ ይጻፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ራሱ 60 ነው፤ 120 የተባለው በሁለት ምስሎች መካከል ቴሌቪዥኑ ከራሱ ፈጥሮ የሚጨምረው ምስል ተቆጥሮ ነው። እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው «ኔቲቭ ሪፍሬሽ ሬት» በሚለው ሥር ነው። ይህ ቃል ከሌለ 60 ነው ብሎ መገመት ነው። እውነተኛ 120 ያለው 55 ኢንች በአብዛኛው ከ400 ዶላር በላይ ስለሆነ በ250 ዶላር «120» ተብሎ የተጻፈ ሲታይ መጠራጠር ያስፈልጋል።

ዋናው ነገር ግን ኸርዙም አይደለም። ልጁ ቁልፉን በተጫነበትና ተጫዋቹ ኳሱን በመታበት መካከል ያለችው ጊዜ ናት። ቴሌቪዥን ምስል ተቀብሎ እንዳለ አያሳይም፤ ያስውበዋል። ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፣ ብዥታውን ያጠራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደል፤ ድምፁም ምስሉም አብሮ ስለሚዘገይ ማንም አያውቅበትም። ጌም ላይ ግን ሌላ ነው። ጌም ሞድ ያልተከፈተበት ቴሌቪዥን 50፣ 100 ሚሊሴኮንድ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይዘገያል። በ60 ኸርዝ አንድ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ 100 ሚሊሴኮንድ ማለት ስድስት ምስል ወደ ኋላ መቅረት ነው። በረኛው የሚዘለው ኳሱ መረብ ከነካ በኋላ ይሆናል። ልጁ «ቴሌቪዥኑ ነው እኮ!» ሲል አባት ሰነፍ ሰበብ አያጣም ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልጁ እውነቱን ነው።

መድኃኒቱ ጌም ሞድ ነው። ይህ ምርጫ ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ማሳመሩን ትቶ ምስሉን እንደመጣ ያሳልፈዋል፤ መዘግየቱም ብዙ ርካሽ ቴሌቪዥኖች ላይ ሳይቀር ወደ 10 እና 20 ሚሊሴኮንድ ይወርዳል። ለዚህ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ የለም። የምስል ማስተካከያው ውስጥ ተቀምጦ፣ በብዙ ቤት ማንም ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ አዲስ ከመግዛት በፊት ሳሎን ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን «ጌም» የሚል ምርጫ እንዳለው ማየት ተገቢ ነው። ካለው የልጁ ቅሬታ በነጻ ሊያልቅ ይችላል፤ የአባት እንቅልፍ ግን ይቀራል። አዳዲሶቹ ላይ ማሽኑ ሲበራ ጌም ሞድን ራሱ የሚከፍት ዘዴ አለ፤ ኤኤልኤልኤም ይባላል፤ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖርም በሪሞት ይከፈታል። የመዘግየቱ መጠን ሳጥን ላይ አይጻፍም። ካናዳ ያለው አርቲንግስ የተባለ ድርጅት ቴሌቪዥን ከሱቅ በራሱ ገንዘብ እየገዛ ይለካዋል፤ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ጽፎ ይዞ እዚያ መመልከት ሻጭን ከመጠየቅ ይሻላል።

ሌላው ሁሉ በዚህ ዋጋ ጌጥ ነው። ፎር ኬ ዛሬ ከ43 ኢንች ጀምሮ ያለ ምንም ጭማሪ ይመጣል። ኤችዲአር የሚለው ምልክት ርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ቢለጠፍም ብርሃኑ ስለማይበቃ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ኤይት ኬን ከነጭራሹ መርሳት ነው።

ስለ ስፋት፦ ከቴሌቪዥኑ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ርቆ መቀመጥ ይበቃል። 43 ኢንች ከ5 እስከ 6 ጫማ፣ 55 ኢንች 7 ጫማ ግድም ይፈልጋል። የልጅ መኝታ ክፍል ውስጥ ከአልጋው ጫፍ እስከ ግድግዳው 6 ጫማ ከሆነ 43 ኢንች ከበቂ በላይ ነው፤ ልጁ 65 ቢልም። የማጓጓዣውም ነገር አለ። የ55 ኢንች ሳጥን ብዙ ትንንሽ መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ አይገባም፤ አጋድሞ መጫን ደግሞ ስክሪኑን ለስንጥቅ ያጋልጣል። በበጋ የተገዛ ከሆነ መኪና ውስጥ ትቶ ሌላ ጉዳይ መሄድ አይገባም። ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 120 ፋራናይት ደርሳ ክብረ ወሰን የሰበረችበት ነው፤ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ ይብሳል።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ብላክ ፍራይደይን ነው፤ እውነትም ቅናሽ አለ። ይሁን እንጂ ለዚያ ቀን ብለው የሚሠሩ ሞዴሎች መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙ የታወቀ ድርጅት ነው፣ መልኩም አንድ ነው፤ የሞዴሉ ቁጥር ግን በአንድ ፊደል ይለያል፤ ውስጡ ሲታይ አንድ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ይጎድለዋል፣ ወይም ብርሃኑ ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሱቅ ውስጥ ያልታየ ቁጥር በዚያ ሳምንት ብቻ ብቅ ካለ ነገሩ ይህ ነው። ከሱፐር ቦል በፊት ያለው ሳምንትና ከላይ የተጠቀሰው የጸደይ ወቅት ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሸጥ የቆየው፣ የተመሰከረለት ዕቃ የሚረክስበት ነው። ቸኮል ያላለ አባት የሚያተርፈው ያን ጊዜ ነው።

ዎልማርት ኦን፣ ቤስት ባይ ኢንሲግኒያ የሚሉ የራሳቸው መለያ ያላቸው ቴሌቪዥኖች አሏቸው፤ የቻይናዎቹ ቲሲኤልና ሃይሴንስም በዚሁ ዋጋ ይሸጣሉ። ለምን እንዲህ ረከሱ ለሚል መልሱ ከፊሉ ማስታወቂያ ነው። ቴሌቪዥኑ ከተሸጠ በኋላም ሰዉ የሚያየውን እየመዘገበ ገንዘብ ያስገባል። በ2017 ቪዚዮ የተባለው ድርጅት በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ባለቤቶቹ ሳያውቁ የሚታየውን መዝግቧል ተብሎ ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና ከኒው ጀርሲ ግዛት ለቀረበበት ክስ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ዎልማርት ራሱ ቪዚዮን በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ለጌም ብቻ የተገዛ ቴሌቪዥን ግን ከዚህ ሁሉ ማምለጥ ይችላል፦ ከኢንተርኔት ጋር አለማገናኘት ነው። ብዙዎቹ ሳይገናኙም ይሠራሉ፤ ዩቲዩብ ቢያምር ፕሌይስቴሽኑ ራሱ ይከፍተዋል።

ያገለገለ ዕቃ ለማይንቅ ሰው ላስ ቬጋስ የተመቸች ናት። ቁማር የበላው ሰው ቴሌቪዥኑን ፖውን ሾፕ ያደርሰዋል፤ በ2009 የጀመረው «ፖውን ስታርስ» የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራምም የሚቀረጸው እዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ሲገባ ልጁንና ማሽኑን ይዞ መሄድ ነው። ቴሌቪዥኑ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይብራ። ነጭ ምስል ሲወጣ ጥግ ጥጉ ጨለም ያለ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ የታየበት የውስጡ መብራት መሞት ጀምሯልና መተው ይሻላል። መሰኪያዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይሞከሩ። ሪሞቱና እግሮቹ ከነብሎናቸው አሉ ወይ? እግር የሌለው ቴሌቪዥን በ80 ዶላር ተገዝቶ ለግድግዳ ማንጠልጠያው ሌላ 50 ሲወጣ ትርፉ የት አለ። ከዚህ የሚሻለው ትልልቅ ሱቆች «ኦፕን ቦክስ» የሚሉት፣ ሌላ ሰው ገዝቶ የመለሰው ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ አዲሱ መመለሻ ቀን ይሰጠዋል፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ገንዘብ የሚጠፋው ግን ዕቃው ላይ ሳይሆን አከፋፈሉ ላይ ነው። «በሳምንት 20 ዶላር ብቻ» የሚል ሱቅ አለ። ሃያ ዶላር የአንድ ምሳ ዋጋ ነው ብሎ የገባ ሰው ውሉ 78 ሳምንት ከሆነ 1,560 ዶላር ይከፍላል። በዚህ ገንዘብ ቴሌቪዥኑን ለአምስት ቤት ማዳረስ ይቻል ነበር። እንግሊዝኛው ያልተስተካከለ፣ ክሬዲት ያልገነባ አዲስ መጤ ነው ብዙ ጊዜ እዚያ የሚገኘው፤ አብሮ ሄዶ ውሉን የሚያነብለት የአገር ልጅ ቢያገኝ ትልቅ ውለታ ነው። የሱቅ ክሬዲት ካርድ ደግሞ «12 ወር ያለ ወለድ» ይላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን በአሥራ ሁለተኛው ወር መጨረሻ አሥር ዶላር ብትቀር እንኳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ወለድ በአንድ ጊዜ ይጫናል። ወለዱም ብዙ ጊዜ ወደ 30 በመቶ ነው። ሒሳቡን ለ12 ሳይሆን ለ10 አካፍሎ በየወሩ የሚከፍል ሰው ብቻ ነው የሚያመልጥ።

ገንዘብ ቤቱ ጋ ሲደረስ ሻጩ ሁለት ነገር ያቀርባል። አንዱ ተጨማሪ ዋስትና ነው፤ የ250 ዶላር ዕቃ ላይ 50 እና 60 ዶላር ዋስትና መግዛት አያዋጣም፤ የአምራቹ የአንድ ዓመት ዋስትና አብሮ ይመጣል፤ ኮስኮ ደግሞ ለሚሸጠው ቴሌቪዥን ሁለተኛ ዓመት ጨምሮ 90 ቀን የመመለሻ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ውድ የኤችዲኤምአይ ኬብል ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 ከነኬብሉ ነው የሚሸጠው፤ የተሰጠው ማሽን ኬብሉ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ለ60 ኸርዝ የ10 ዶላሩ ይበቃል። ከዚያ ታክስ ይጨመራል። በክላርክ ካውንቲ የሽያጭ ታክስ ከ2020 ጀምሮ 8.375 በመቶ ነው። እንግዲህ 300 ዶላር ይዞ የሚገባ አባት ከ276 ዶላር በላይ የተጻፈበትን ሳጥን ማንሳት የለበትም። በዚህ ገንዘብ ጌም ሞድ ያለው፣ 60 ኸርዝ፣ 43 ወይም 50 ኢንች ቴሌቪዥን ያለ ዕዳ ይገኛል።

አሮጌውን አገር ቤት ለመላክ የሚያስቡም አሉ። ከመላኩ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማየት ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ግን ኢትዮጵያ ያለው መብራት 220 ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰኩት ይቃጠላል፤ የማጓጓዣው ወጪ ሲታሰብም እዚያው ገዝተው ይጠቀሙ ብሎ ገንዘቡን መላክ ይቀላል።

ቴሌቪዥኑ የልጁ መኝታ ክፍል ይግባ ወይስ ሌላ ቦታ ይቀመጥ የሚለው የየቤቱ ጉዳይ ነው። ብዙ እናቶች በር ተዘግቶ መጫወትን አይወዱም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ቢጫወት ግን ድምፁ አባትን ይቀሰቅሳል። ለዚህ የፕሌይስቴሽን 5 መጫወቻ እጀታ ሥር ተራ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው፤ ድምፁ ሁሉ በዚያ ይወጣል። መጀመሪያው ሳምንት ልጁ በደንብ ይጫወትበት፤ መሰኪያዎቹ ሁሉ ይፈተሹ፤ የስክሪኑ ብርሃን ከፋብሪካ ከመጣበት ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ርካሽ ቴሌቪዥን ቶሎ የሚሞተው የጀርባ መብራቱ ሁልጊዜ እስከ ጫፍ እየነደደ ነውና። ሳጥኑና ደረሰኙ የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ።